«ጆርጅ? ቡሽ ነው እንዴ?»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ወንድ ነው ብለውናል። ከባለቤቴ ጋር ስድስት ዓመት የጠበቅነው ልጅ ነው። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታለች። አጥሚቱን፣ የገንፎ ዱቄቱን፣ ቅቤውን ሻንጣ ሙሉ ይዛ። እስከዚህ ድረስ ደስታ ብቻ ነበር።

አንድ ማታ ራት ላይ ባለቤቴ «ስሙን ጆርጅ እንለዋለን» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። እናቴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና «ጆርጅ? ቡሽ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። እዚያው ሳሎን ቁጭ ብሎ እያየችው «ያ ሰውዬ በላ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች።

ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። ስሙ በ«ገብረ» ይጀምራል፣ ሙሉውን አልጽፍም። ሥራ ቦታ «ጋቢ» ነው የሚሉት፣ እንደምንለብሰው ጋቢ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስሜን ፊደል በፊደል ስቆጥር ኖሬያለሁ፣ ልጄ ይሄን አያይም፣ ሥራ ሲያመለክትም ስሙን አይተው ወረቀቱን ወደ ጎን አይሉትም» ይላል። ለምን ጆርጅ ስለው «ደስ ስላለኝ» ብቻ ነው መልሱ። እናቴ ደግሞ «ስምን መልአክ ያወጣዋል እንጂ ሆቴል አያወጣውም፣ ለጊዮርጊስ ተስዬ፣ በየወሩ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ጠንቼ ያገኘሁትን የልጅ ልጅ በፈረንጅ ስም አልጠራም» እያለች ታለቅሳለች። ስለቷ ጃንጥላ ነው፣ ገዝታ አስቀምጣዋለች።

እኔ እውነቱን ልንገርዎት፣ ስሙን አልወደድኩትም፣ አልጠላሁትምም። ደክሞኛል። ሁለቱም ተራ በተራ መኝታ ቤት እየገቡ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። ምን ልበል?

በስም መሃል የቆምኩ፣ ከአሌክሳንድሪያ


እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። በመጀመሪያው አዘንኩ። በሁለተኛው ግን እናትሽ ስለ ስለታቸው የተናገሩት ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፣ ይቅር በይኝ። ባለቤትሽና እናትሽ ሳያውቁት አንድ ስም ይዘው ነው የተኳረፉት።

ጆርጅ ማለት ጊዮርጊስ ነው። የሚመስል ወይ የሚቀራረብ ማለቴ አይደለም፣ ራሱ ነው። ጴጥሮስ በእንግሊዝኛ ፒተር፣ ዮሐንስ ጆን እንደሚባለው ሁሉ፣ እናትሽ ደጁን የጠኑት ሰማዕት በእንግሊዝኛ ጆርጅ ይባላል። ስሙ ከግሪክ የተነሳ ነው። «ጌ» መሬት ነው፣ ጂኦግራፊ የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ያለው «ጂኦ» እሱ ነው። «ኤርጎን» ደግሞ ሥራ። መሬት የሚሠራ፣ በአጭሩ ገበሬ፣ አራሽ ማለት ነው። (ሊያርሱሽ ከመጡት እናትሽ ጋር ቃሉ መግጠሙ የኔ ጥፋት አይደለም።) ወደ ግዕዝ ሲገባ ጊዮርጊስ ሆነ። ጣሊያን ጋ ጆርጆ፣ ስፔን ጋ ሆርሄ፣ ፈረንሳይ ጋ ዦርዥ። ራሽያ ጋ ሲደርስ ከጌኦርጊ ሌላ ዩሪ የሚል መልክም አወጣ። መጀመሪያ ጠፈር የደረሰው ዩሪ ጋጋሪን የጊዮርጊስ ሞክሼ ነው ማለት ነው።

«የፈረንጅ ስም» የሚለው ነገርም ቢሆን ትንሽ ይነካካል። እንግሊዞች ቅዱስ ጊዮርጊስን የአገራቸው ጠባቂ ካደረጉት ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ነጭ ባንዲራቸው ላይ ያለው ቀይ መስቀል የሱ ነው፣ በዓሉን ኤፕሪል 23 ያከብራሉ። እኛ ሚያዝያ 23። ቁጥሩ አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ስለሚለያይ ግን የኛው ከነሱ ስምንት ቀን ዘግይቶ ይውላል። ስሙ እዚያ አገር በደንብ የተስፋፋው ግን በ1714 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ቀዳማዊ ጆርጅ ከጀርመን፣ ከሃኖቨር መጥቶ ከነገሠ በኋላ ነው። ንጉሡም ከውጭ የመጣ፣ ስሙም ከውጭ የመጣ። ከሱ በኋላ አምስት ጆርጆች ነገሡ፣ የመጨረሻው እንዲያውም የተወለደው አልበርት ተብሎ ነው፣ በ1936 ዙፋን ላይ ሲወጣ ነው ጆርጅን የመረጠው።

እናትሽ ቡሽን ማንሳታቸውን ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ቡሽ አሜሪካን መምራት በጀመረበት በ2001፣ የኛ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ነበሩ። እዚህ አሜሪካ ጆርጅ፣ አገር ቤት የወልደጊዮርጊስ ልጅ። ያኔ ማናችንም ልብ አላልነውም።

አሁን ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ተነስተሽ ወጥ ቤት ሄደሽ «እማዬ! ጆርጅ እኮ ጊዮርጊስ ነው!» ልትያቸው ነው። ቆይ። እባክሽ ቆይ።

ይሄ ነገር ትክክል መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ባለቤትሽ ፊት ከነገርሻቸው እናትሽ አማቻቸው ፊት ተሸነፉ ማለት ነው፣ ያውም በገዛ ቅዱሳቸው። ባለቤትሽ ደግሞ ሳያውቀው አሸናፊ ይሆናል፣ ያለፋበት ድል ደግሞ ሰውን አያስታርቅም። በዚያ ላይ መጽሐፍ ላይ አንድ የሆነ ስም ጆሮ ላይ አንድ አይሆንም። እናትሽ ጊዮርጊስ ሲባል ነጭ ፈረስ ነው የሚታያቸው። ዓድዋ ነው የሚታያቸው፣ የካቲት 23፣ ታቦቱ አብሮ የዘመተበት ቀን። ጆርጅ ሲባል ግን ቴሌቪዥን ላይ ያዩት ክራባት ያሰረ ሰውዬ። ይሄን ስዕል በአንድ ራት አትቀይሪውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታወሪው ለባለቤትሽ ነው። ለብቻው። ስለ ስሙ ከማውራትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው። ለምን ጆርጅ? «ደስ ስላለኝ» ብሎሻል፣ እኔ ግን አላመንኩትም። ሰው ስንት ቀላል ስም እያለ፣ ማይክል እያለ፣ ዴቪድ እያለ፣ ዝም ብሎ ጆርጅ ጋ አይደርስም። እዚህ አገር ሲመጣ ደግ የዋለለት ጆርጅ የሚባል ሰው ይኖር ይሆን? ወይስ የተመኘው ሰው? ለምሳሌ ኳስ ከወደደ ጆርጅ ዊሃ አለ። በ1995 ባሎን ዶርን የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ ኋላም የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት የሆነ። ቦክስ ከወደደ ደግሞ ጆርጅ ፎርማን፣ አምስት ወንዶች ልጆቹን በሙሉ ጆርጅ ብሎ የሰየመው። (ይሄን ለእናትሽ አትንገሪ፣ አንዱ እንኳን ይብቃቸው።) መልሱ ምንም ይሁን፣ እንደዋዛ «ደስ አለኝ» ያለበት ነገር ሥር ያለው ይመስለኛል።

የባለቤትሽ ፍርሃት ከንቱ ነው እንዳትዪው ደግሞ። አይደለም። ቺካጎና ቦስተን ውስጥ የተሠራ፣ በ2004 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች የፈጠራ የሥራ ማመልከቻዎችን ለቀጣሪዎች ላኩ፣ ልዩነቱ ስሙ ላይ ነበር። የነጭ የሚመስል ስም ያለው ማመልከቻ የጥቁር ስም ካለው 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አገኘ። ባለቤትሽ ጥናቱን አንብቦት ላይሆን ይችላል፣ ሰባት ዓመት ዴስክ ጋ ቆሞ ግን ኖሮታል። «ጋቢ» መባልን አንቺ በቀልድ ጽፈሽልኛል። እሱስ ይስቅበታል?

ግን ቀላል ስም ያልፈታው ነገርም አለ። ከርስ በርስ ጦርነታቸው በኋላ አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ ፑልማን የሚባል ባለሀብት ነበረ፣ ኩባንያው አልጋ ያላቸው የባቡር ፉርጎዎች ነበሩት። አልጋ የሚያነጥፉት፣ ሻንጣ የሚሸከሙት፣ ጫማ የሚወለውሉት ጥቁሮች ነበሩ፣ መጀመሪያ የተቀጠሩት ብዙዎቹ ከባርነት የወጡ። ተሳፋሪው የያንዳንዳቸውን ስም መጠየቅ አልፈለገም። ሁሉንም «ጆርጅ» ይላቸው ነበር። በአሠሪያቸው ስም፣ ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው። ሠራተኞቹ በ1925 ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍን መሪ አድርገው ማኅበር አቋቋሙ፣ የታገሉት ለደሞዝና ለእረፍት ነው፣ ከሚያንገበግቧቸው ነገሮች አንዱ ግን ይሄው በስማቸው አለመጠራት ነበር። አየሽ፣ ጆርጅ መባል ያኔ ከባድ ነገር ነበር። ለጠሪው የሚመች ስም ለተጠሪው ሁልጊዜ አይመችም።

ይሄን የምነግርሽ ባለቤትሽ ስሙን እንዲተው አይደለም። የገዛ ስሙን አስመልክቶ አንድ ነገር እንድትጠይቂው ነው። ደረቱ ላይ የሚያደርገው ባጅ ላይ ሙሉ ስሜን ጻፉልኝ ብሎ ያውቃል? አንዳንዴ ለልጃችን የምንፈልገው ለራሳችን ለመጠየቅ ያፈርንበትን ነው። እኔ እንኳን ስሜ ቤዛ ሆኖ ሳለ ስንት ዓመት «ቤሳ» ሲሉኝ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደክሞኝ አረምኳቸው፣ በሳምንቱ ሁሉም ቻሉት።

አንድ ተግባራዊ ነገርም ንገሪው። ጆርጅ የዛሬ መቶ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ከአስሩ በጣም የተለመዱ የወንድ ስሞች አንዱ ነበር። ዛሬ ግን ወርዷል። እንግሊዝ አገር አሁንም የሕፃን ስም ነው፣ አሜሪካ ላይ ግን ትንሽ የአያት ስም ይመስላል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ግን «ማንም ልብ አይለውም» ብሎ ከሆነ የመረጠው፣ ክፍል ውስጥ ብቸኛው ጆርጅ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው፣ እሱን ደግሞ ያው ፊደል በፊደል ይቆጥራታል።

ስሙን ከተሸከሙት ውስጥ ለባለቤትሽ የምመርጥለት ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዋሽንግተንን አይደለም። እርሻው ማውንት ቨርነን ከናንተ ብዙ አይርቅም፣ አንድ እሁድ ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ ሰውዬው ለእርሻ ያበደ ነበር። የተዋጋው የእንግሊዙ ንጉሥ ሣልሳዊ ጆርጅም «ገበሬው ጆርጅ» ይባል ነበር፣ እርሻ ስለሚወድ። ሁለት ገበሬዎች፣ ሁለት ጆርጆች ተዋግተው አገር ተወለደ። ግን ዋሽንግተን በ1799 ሲሞት እርሻው ላይ ከ300 በላይ ባሪያዎች ነበሩ፣ መሬቱን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። እኔ የምመርጥለት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ነው። ሚዙሪ ውስጥ ከባሪያ እናት ተወልዶ፣ ተምሮ፣ አላባማ ውስጥ ተስኪጊ የግብርና መምህር ሆኖ፣ ጥጥ አፈሩን ያደከመባቸውን ድሃ ገበሬዎች ለውዝና ስኳር ድንች ዝሩ እያለ የኖረውን። መሬት የሚሠራ ማለት እሱ ነው።

እና ባለቤትሽ ሲረጋጋ፣ ያን ጊዜ ንገሪው። «የመረጥከው ስም እማዬ ልጁን የለመነችበት ስም ነው» በይው። ደንግጦ ዝም ይላል መሰለኝ። ከዚያ ይሄን ወሬ ለእናትሽ የሚነግራቸው እሱ ይሁን። አንቺ አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም። በሚቀጥለው 23 እሱ ራሱ በመኪናው ቤተ ክርስቲያን ይውሰዳቸው፣ አካባቢያችሁ ሞልቷል። መንገድ ላይ «እማማ፣ ሳላማክርዎ ራት ላይ መናገሬ ጥፋቴ ነው» ብሎ ይጀምር። ይቅርታው ይቅደም፣ ጊዮርጊስ ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ «አየሽ፣ ልክ ነበርኩ» ይመስላል።

እናትሽ እንዲያም ሆኖ «እሺ» ላይሉ ይችላሉ፣ ለዚህም ምክንያት አላቸው። እኛ ጋ ጊዮርጊስን ባዶውን ለልጅ መስጠት ብዙም አልተለመደም። ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ነው የምንለው። የሱ ሀብት፣ የሱ ተክል፣ የሱ ልጅ። ባዶውን ጆርጅ ሲሉት ለሳቸው ድፍረትም ሊመስል ይችላል። (ባለቤትሽ በ«ገብረ» ይጀምራል ብለሽ ቀጥሎ ያለውን ደብቀሽኛል። እሱም ጊዮርጊስ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።) ስለዚህ የክርስትናውን ስም ለእናትሽ ልቀቁላቸው። ልጁ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ወልደ ጊዮርጊስ ይባል፣ ቄሱም እሺ ካሉ። የልጅ ሁለት ስም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ አንቺም ራስሽ የክርስትና ስም አለሽ አይደል?

የቤት ስምም አለ። ጆርጅ ማይክል የሚባለውን ዘፋኝ ታውቂዋለሽ። አባቱ ከቆጵሮስ እንግሊዝ አገር የሄደ ግሪክ ነው። ልጁ የተወለደው ጌኦርጊዮስ ኪሪያኮስ ፓናዮቱ ተብሎ ነው፣ ለመድረክ አሳጠረው። የሚቀርቡት ሰዎች ግን «ዮግ» ነበር የሚሉት፣ ከግሪክኛው። ዓለም የሚያውቀው አንድ፣ ቤቱ የሚያውቀው ሌላ። እናትሽ ልጁን የሚጠሩበት የራሳቸው ስም ካላቸው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ያን ያህል አያንገበግባቸውም። በነገራችን ላይ አንድ ቀን ዝም ብለሽ «እማዬ፣ አንቺ ማን ትይዋለሽ?» በያቸው። እስካሁን የጠየቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ወረቀቱ ላይ ሌላም መንገድ አለ። የመጀመሪያው ስም አማርኛ፣ መሃለኛው ጆርጅ ይሁን፣ ወይ ተገልብጦ። ልጁ አድጎ የሚመቸውን ይጠቀማል። ብቻ ሆስፒታል ሳትወጪ የልደት ቅጹን ሙሉ ይሏችኋል፣ በኋላ መቀየር ይቻላል፣ ግን ጣጣ ነው። ስለዚህ ምጥ ሳይመጣ ጨርሱት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ወረቀት፣ እያንዳንዱ ሁለት ስም ይጻፍ። ከዚያ ስሞቹን ጮክ ብላችሁ ጥሩ። ከምድጃው ጋ ሆናችሁ፣ ልጁ ጓዳ ያለ ይመስል። «ጆርጅዬ፣ ና ብላ!» አፍ ላይ ይመጣል ወይስ አይመጣም? አንዳንድ ስም ወረቀት ላይ አምሮ ጓዳ ጋ አይደርስም።

ሦስተኛው ወረቀት ያንቺ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ የሁሉም ምኞት አለ፣ ያንቺ ግን «ደክሞኛል» ብቻ ነው። ገባኝ፣ ስምንተኛ ወር ነው። ግን ማታ ተኝተሽ ሆድሽን ስትዳብሺው፣ ሲራገጥ፣ ምን እያልሽ ነው የምታናግሪው? የሆነ ስም ይኖርሻል መቼም። እሱን ወረቀቱ ላይ ጻፊው፣ ጆርጅም ባይሆን፣ ጊዮርጊስም ባይሆን።

እስከዚያ ድረስ መኝታ ቤትሽ እየገቡ «ምን ትያለሽ?» ሲሉሽ «እናንተ ስትነጋገሩ እነግራችኋለሁ» በያቸውና ተኚ። «ያ ሰውዬ በላ?» ሲባልም መልስ አትስጪ፣ ራሳቸው ይጠይቁት።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃኝ።